«31 ሺህ ዶላር የታክስ ዕዳ አለብህ ተባልኩ፤ ማን ይርዳኝ?»

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ግሪን ካርድ አለኝ። ኡበርና ሊፍት እነዳለሁ። ባለቤቴ አረጋውያንን በመንከባከብ ግማሽ ቀን ትሠራለች። ሁለት ልጆች አሉን። የ2021ን ታክስ ፋይል አድርጌ (የገቢ ማስታወቂያዬን አስገብቼ) መክፈል አቃተኝ። ከዚያ በኋላ ፈራሁና ጭራሽ ፋይል ማድረግ ተውኩ። አሁን የፌዴራሉ ታክስ ሰብሳቢ አይአርኤስ በድምሩ 31 ሺህ ዶላር ገደማ አለብህ ይለኛል። የመጨረሻው ደብዳቤ ጥጉ ላይ ኤልቲ 11 ይላል፤ ከመጣ ሁለት ሳምንት ሆነው። አንድ ድርጅት ደውሎ በ3 ሺህ እናስጨርስልሃለን አለና 4,500 ዶላር ጠየቀኝ። 500 ከፍዬ አንድ ፎርም ፈርሜያለሁ። ወንድሜ ደግሞ እቁብ አውጣና ክፈል ይለኛል። አዲስ አበባ በስሜ ኮንዶሚኒየም አለችኝ። ለእናቴ ሙት ዓመት አገር ቤት መሄድ አለብኝ፤ ኤርፖርት ይይዙኝ ይሆን? ዜግነትም ላመለክት ነበር። እባክዎ የትኛውን ባለሙያ ልያዝ?»

ምላሽ፦ ከኤርፖርቱ ልጀምር። እንቅልፍ የነሳዎት እሱ ይመስለኛል። ማንም አይይዝዎትም። ታክስ መክፈል ያቃተው ሰው በዕዳው ብቻ አይታሰርም። ስለ ፓስፖርት የሚወራው ወሬ መነሻ አለው፤ ግን የሚመለከተው የአሜሪካ ፓስፖርት ያላቸውን ወይም ለማውጣት የሚያመለክቱትን ነው። ዕዳውም ከነቅጣቱና ከነወለዱ ከ64 ሺህ ዶላር ማለፍ አለበት። ይህ የ2025 ልክ ነው፤ በየዓመቱ ይስተካከላል። እርስዎ የሚጓዙት በኢትዮጵያ ፓስፖርት ነው፤ ዕዳዎም የዚያን ግማሽ አይሞላም። ይሂዱ። እግዚአብሔር የእናትዎን ነፍስ ይማር።

ከመሄድዎ በፊት ግን በዚህ ሳምንት የሚያልቅ አንድ ሥራ አለ።

ያ ኤልቲ 11 የሚል ደብዳቤ እንደ ሌሎቹ አይደለም። አይአርኤስ ሲጀምር ሲፒ 14 ይልካል፤ ያ ተራ ቢል ነው። ከዚያ ሲፒ 501፣ 503፣ 504 እያለ ድምፁን ከፍ ያደርጋል። ኤልቲ 11 ሲመጣ ግን «የባንክ ሒሳብዎንና ገቢዎን ልይዝ ነው፤ ከዚያ በፊት ይግባኝ የማለት መብት አለዎት» ማለቱ ነው። መብቱ የሚቆየው 30 ቀን ነው። የሚቆጠረውም ደብዳቤው ላይ ከተጻፈው ቀን ጀምሮ እንጂ እጅዎ ከገባበት ቀን አይደለም። ወረቀቱን አውጥተው ቀኑን ይዩ።

ይግባኙን ለመጠየቅ የሚሞላው ፎርም 12153 ይባላል። አጭር ነው። ምክንያት የሚጠይቀው ቦታ ላይ በየወሩ መክፈል እንደሚፈልጉ ወይም ሙሉውን ለመክፈል አቅም እንደሌለዎት ምልክት ያደርጋሉ። ደብዳቤው ላይ ወዳለው አድራሻ በሰርቲፋይድ ሜይል ይላኩት፤ ደረሰኙንም ይያዙ። ለዚህ ባለሙያ ባያገኙም ራስዎ ሞልተው መላክ ይችላሉ። በጊዜው ከተላከ ጉዳዩ እስኪታይ ድረስ አብዛኛውን ጊዜ ገንዘብዎን አይነኩም። 30 ቀኑ ካለፈ እስከ አንድ ዓመት ድረስ ሌላ ዓይነት የይግባኝ ቀጠሮ መጠየቅ ይቻላል፤ ግን በውሳኔው ካልተስማሙ ፍርድ ቤት መሄድ አይችሉም። ሰው ብዙ ጊዜ ይህን መብት የሚያጣው ደብዳቤውን ሳይከፍት መሳቢያ ውስጥ ስለሚከተው ነው።

አሁን ወደ 31 ሺው እንምጣ። እውነቱን ልንገርዎ፦ ይህ ቁጥር የእርስዎ ትክክለኛ ዕዳ መሆኑን እጠራጠራለሁ።

ሰው ፋይል ሳያደርግ ሲቀር አይአርኤስ ዝም አይልም። ኩባንያዎቹ የላኩለትን 1099 የሚባል የገቢ መግለጫ ይዞ ራሱ ይሞላልዎታል። ሲሞላ ግን ለእርስዎ አስቦ አይደለም። ከባለቤትዎ ጋር አብራችሁ ብትሞሉ የምታገኙትን ጥቅም አይሰጥዎትም። ልጆችዎን አያስገባም። ነዳጅ፣ ጎማ፣ ኮሚሽን የሚባል ወጪ አይቀንስም። ያገኘውን ገቢ በሙሉ ደምሮ ታክሱን ያወጣና ቅጣትና ወለድ ይጨምርበታል። የእርስዎ የ2022 ሒሳብ በዚህ መንገድ የተሠራ ይመስለኛል። ባለሙያ ዶሴዎን ሲያወጣ ወዲያው ይለየዋል።

ኡበርና ሊፍት የሚነዳ ሰው ላይ ደግሞ ይህ ይብሳል። 1099 ኬ የሚያሳየው ተሳፋሪው የከፈለውን ሙሉ ሒሳብ ነው። ኩባንያው ቆርጦ ያስቀረው ኮሚሽን እዚያው ውስጥ አለ። እጅዎ ያልገባ ገንዘብ ገቢዎ ተብሎ ተጽፏል ማለት ነው።

በ2023 ተመን ላሳይዎ። 1099ው 75 ሺህ ዶላር ይላል እንበል። ከዚያ ውስጥ ኩባንያው በኮሚሽንና በልዩ ልዩ ክፍያ 20 ሺህ ወስዷል። ለሥራ 40 ሺህ ማይል ነድተዋል። የዚያ ዓመት ተመን ለአንድ ማይል 65.5 ሳንቲም ነበር፤ ስለዚህ 26,200 ዶላር ይቀነሳል። ትክክለኛ ትርፍዎ 28,800 ሆነ። ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር የሚከፈለው የግል ሠራተኛ ታክስ በ75 ሺው ላይ ሲሰላ 10,600 ዶላር ገደማ ይመጣል። በ28,800ው ላይ ሲሰላ ግን 4,070 ገደማ ነው። ይህ አንዱ ታክስ ብቻ ነው። ዋናው የገቢ ታክስ ደግሞ ከባለቤትዎ ጋር አብራችሁ ሞልታችሁ፣ ስታንዳርድ ዲዳክሽኑ (ከገቢ ላይ በቁርጥ የሚቀነሰው) እና ለልጆች የሚሰጠው የታክስ ቅናሽ ሲገባበት፣ በእናንተ ዓይነት ገቢ እስከ መጥፋት ሊደርስ ይችላል።

ለዚህ ነው «ዕዳዬን ማን ያስቀንስልኝ» ከሚለው ጥያቄ በፊት «ያልገባውን ፋይል ማን በትክክል ይሥራልኝ» የሚለው የሚቀድመው። አይአርኤስ በራሱ የሞላውን የ2022 ሒሳብ እርስዎ ትክክለኛውን ሲልኩ አይቶ ሊያስተካክለው ይችላል። የ2023 እና የ2024 ደግሞ በቀጥታ ይገባሉ። የ2021ም ቢሆን ይታይ። የሠራልዎት ሰው ኮሚሽኑንና ማይሉን ቀንሶልዎታል? ካልቀነሰ በፎርም 1040 ኤክስ እንዲስተካከል ይጠየቃል።

ፋይል ማድረግ ሌላም ጥቅም አለው። ዘግይቶ ፋይል የማድረግ ቅጣት በወር 5 በመቶ ሆኖ እስከ 25 በመቶ ይደርሳል። ዘግይቶ የመክፈል ቅጣት ግን በወር ግማሽ በመቶ ነው። አያችሁ ልዩነቱን? ገንዘብ የሌለው ሰው ፋይል አለማድረጉ አሥር እጥፍ ያስቀጣዋል። በዚያ ላይ አይአርኤስ ዕዳ የሚሰበስብበት ጊዜ 10 ዓመት ነው፤ እሱም መቆጠር የሚጀምረው ታክሱ ከተመዘገበ በኋላ ነው። ያልገባና ያልተመዘገበ ዓመት ሰዓቱ አይጀምርም። የመክፈያ ስምምነትም ሆነ የዕዳ ቅነሳ ሲጠይቁ መጀመሪያ የሚሉዎት «የጎደለውን ፋይል አስገባ» ነው። መክፈል ያቃተው ሰው ወንጀለኛ አይደለም። ሆን ብሎ ያላስገባና የዋሸ ሰው ግን ሊከሰስ ይችላል። ሳይጠሩት ራሱ የመጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ጉዳዩ በቅጣትና በወለድ ያልቃል።

የማይል መዝገብ ስላልያዙ አይደንግጡ። ኩባንያዎቹ በየዓመቱ ከሚያወጡት የታክስ ሰመሪ ይጀምሩ፤ አፑ ውስጥ አለ፣ ኮሚሽኑም ማይሉም እዚያ ይገኛል። ሰመሪው ላይ ያለው ማይል ተሳፋሪ የያዙበት ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ወደ ተሳፋሪው የነዱትም ይቆጠራል። የዘይት ቅየራ ደረሰኞች ላይ የመኪናው ማይል ተጽፏል። የሜሪላንድ የጭስ ምርመራ ወረቀትም ይረዳል። ከነዚህ ተነሥቶ ባለሙያ ሊከራከርበት የሚችል መዝገብ ያወጣልዎታል። ከሜዳ ተነሥቶ «60 ሺህ ማይል ጻፍ» የሚልዎትን ግን ይሽሹት። ኦዲት ሲመጣ እሱ አጠገብዎ አይቆምም።

ስለ ባለቤትዎ አንድ ነገር። አብራችሁ ፋይል ስታደርጉ ታክሱ ይቀንሳል፤ ነገር ግን የዚያ ዓመት ዕዳ የሁለታችሁም ይሆናል። ይህን ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩበት። ባለቤትዎ በነዚህ ዓመታት ለብቻቸው «ሄድ ኦፍ ሃውስሆልድ» (ቤተሰብ ለብቻው የሚያስተዳድር) ብለው ፋይል አድርገው ከሆነ ደግሞ ለባለሙያው ሳይደብቁ ይንገሩት። በአንድ ቤት እየኖሩ እንደዚያ የሚሞሉ ባልና ሚስት በእኛ ሰው ዘንድ ብዙ ናቸው። ስህተት ነው፤ ቀድሞ ሲስተካከል ግን ያን ያህል አያስፈራም።

እንግዲህ ማንን ይያዙ?

በነፃ ከሚሠራው ልጀምር፤ ሰው የማያውቀው እሱን ነውና። ሎው ኢንካም ታክስፔየር ክሊኒክ የሚባሉ አሉ። ከአይአርኤስ የገንዘብ ድጋፍ ያገኛሉ እንጂ የአይአርኤስ ቢሮ አይደሉም፤ የሚቆሙት ለእርስዎ ነው። በነፃ ወይም በትንሽ ክፍያ ወክለው ይከራከራሉ፤ ፍርድ ቤትም ይቀርባሉ። ስሙ «ዝቅተኛ ገቢ» ስለሚል ብዙ ሰው «እኔን አይመለከተኝም» ብሎ ያልፈዋል። ልኩን ይዩት፦ ገቢዎ ከድህነት መስመሩ 250 በመቶ ካላለፈ ይቀበሉዎታል። በ2025 ስሌት ለአራት ሰው ቤተሰብ 80,375 ዶላር ማለት ነው። እርስዎ በኡበር፣ ባለቤትዎ በግማሽ ቀን ሥራ፣ ከወጪ ቀሪ እዚያ እንደማትደርሱ እገምታለሁ። የሚከራከሩበት ገንዘብም ለአንድ ዓመት ባብዛኛው ከ50 ሺህ ዶላር በታች መሆን አለበት፤ እሱንም ያሟላሉ።

በአካባቢያችሁ ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ የአሜሪካን ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት እንዲህ ያለ ክሊኒክ አለው። ባልቲሞር ውስጥም የባልቲሞር ዩኒቨርሲቲ አለው። ጉዳዩን የሚይዙት ተማሪዎች ናቸው፤ የሚቆጣጠሯቸው ግን የታክስ ጠበቆች ናቸው። «ተማሪ ምን ያውቃል» አይበሉ። አንድ ተማሪ ጥቂት ጉዳይ ብቻ ስለሚይዝ የእርስዎን ወረቀት መስመር በመስመር ያነበዋል። እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው የሆኑትን መርዳትም የክሊኒኮቹ ሥራ ነው፤ ሲደውሉ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ ይበሉ። የሁሉም ክሊኒኮች ዝርዝር የአይአርኤስ ፐብሊኬሽን 4134 ላይ አለ። ቀነ ገደብ ያለው ደብዳቤ እንደያዙ መጀመሪያውኑ ይንገሯቸው፤ አለበለዚያ ተራ ሲጠብቁ 30 ቀኑ ያልቃል።

ክሊኒኩ ካልተቀበለዎት ወይም ከሞላ ከፍለው የሚይዟቸው ሦስት ዓይነት ሰዎች ናቸው፦ ኢንሮልድ ኤጀንት፣ ሲፒኤ (ፈቃድ ያለው የሒሳብ አዋቂ) እና ጠበቃ። አይአርኤስ ፊት በማንኛውም የታክስ ጉዳይ ሊወክሉዎት የሚችሉት እነሱ ናቸው። ኢንሮልድ ኤጀንት ፈቃዱን የሚያገኘው ከፌዴራል መንግሥቱ ነው፤ በማንኛውም ስቴት መሥራት ይችላል። ለእንደ እርስዎ ዓይነት ጉዳይ በዕዳ አሰባሰብ (ኮሌክሽን) ጉዳይ የለመደ ኢንሮልድ ኤጀንት ከበቂ በላይ ነው። እኔም ኢንሮልድ ኤጀንት ስለሆንኩ ለራሴ ያደላሁ ሊመስል ይችላል፤ ግን ሲፒኤ ሁሉ ይህን ሥራ አይወድም። ብዙዎቹ በሕይወታቸው ኤልቲ 11 ይዘው አልተከራከሩም። ስለዚህ ማዕረጉን ብቻ ሳይሆን «እንዲህ ያለ ጉዳይ ይዘህ ታውቃለህ?» ብለው ይጠይቁ።

ጠበቃ የሚያስፈልገው ሌላ ነገር ሲኖር ነው። ገቢ ሆን ብለው ደብቀው ከሆነ፣ ያልተገለጸ የውጭ ባንክ ሒሳብ ካለዎት፣ ወይም ባንክራፕሲ (በፍርድ ቤት ኪሳራ ማወጅ) እያሰቡ ከሆነ መጀመሪያ ጠበቃ ያነጋግሩ። ለሒሳብ ባለሙያ የነገሩት ምስጢር የወንጀል ጉዳይ ሲመጣ እንደ ጠበቃው አይጠበቅም።

የሠፈራችን ታክስ ሠሪስ? ብዙዎቹ ደጎች ናቸው፣ አማርኛም ይናገራሉ። ነገር ግን ፒቲን የሚባለው የታክስ ሠሪ መለያ ቁጥር ብቻ ያለው ሰው ፋይል ሊሠራልዎት ይችላል እንጂ በዕዳ ጉዳይ ሊወክልዎት አይችልም። ስሙንና ቁጥሩን ሳይጽፍ «ራስህ እንደሠራኸው አድርገህ ላክ» የሚልዎት ደግሞ ሕግ እየጣሰ ነው። ፈቃድ ያለውን ለማጣራት አይአርኤስ ድረ ገጽ ላይ በስም የሚፈለግበት ማውጫ አለ። ጠበቃንና ሲፒኤን በየስቴቱ ፈቃድ ሰጪ አካል ማረጋገጥ ይቻላል።

ክፍያን በተመለከተ በአንድ ጊዜ ለሁሉም ነገር አይዋዋሉ። መጀመሪያ ዶሴዎን አውጥቶ፣ ያለብዎትን በየዓመቱ ለይቶ፣ ምን ማድረግ እንደሚሻል እንዲነግርዎ ብቻ ይክፈሉት። ለዚህ ፎርም 2848 ያስፈርምዎታል፤ ውክልና ነው። ከዚያ በኋላ ፋይሎቹን፣ ከዚያ ስምምነቱን እያሉ ይቀጥሉ። ዋጋውንና ሥራውን በጽሑፍ ያስቀምጥ። አንዳንዴ ፋይሎቹ ተስተካክለው ሲያልቁ ዕዳው ትንሽ ሆኖ ይገኝና ለቀሪው ሰው መቅጠር እንኳን አያስፈልግም።

ለምሳሌ 31 ሺው ወደ 12 ሺህ ወረደ እንበል። ከ50 ሺህ በታች የሆነ ዕዳ ራስዎ ኦንላይን ገብተው በየወሩ እንዲከፈል መጠየቅ ይችላሉ። በ72 ወር ሲካፈል በወር 167 ዶላር ነው፤ ወለዱ ይጨመርበታል። ከባንክ በቀጥታ እንዲቆረጥ ካደረጉ የመመዝገቢያው ክፍያ 22 ዶላር ነው፤ ገቢዎ ዝቅተኛ ከሆነ እሱም ይቀራል። ለዚህ ሥራ ሺህ ዶላር የሚያስከፍል ሰው አያስፈልግም። የ2021ን ቅጣት ደግሞ ከዚያ በፊት በነበሩት ሦስት ዓመታት ቅጣት ካልነበረብዎት እንዲነሣልዎ መጠየቅ ይቻላል። በስልክም ይሆናል።

የወንድምዎ ሐሳብ ክፉ አይደለም፤ ጊዜው ነው ያልደረሰው። ያልተጣራ ዕዳ በእቁብ አይከፈልም። ቁጥሩ ከተስተካከለ በኋላ ግን ሊያዋጣ ይችላል። የአይአርኤስ ወለድ በ2025 በዓመት 7 በመቶ ነበር፤ ዘግይቶ የመክፈል ቅጣቱ ሲደመር ወደ 13 ይጠጋል። እቁብ ወለድ የለውም። ዕጣው በስድስት ወር ውስጥ የሚደርስዎት ከሆነ የ180 ቀን ጊዜ ያለ መመዝገቢያ ክፍያ ይሰጡዎታል። ግን እቁብተኛ ወረቀት አይልክም፣ 30 ቀንም አይሰጥም። በየሳምንቱ እቁቡን መጣል ካልቻሉ ለአይአርኤስ በየወሩ መክፈሉ ይሻላል።

አሁን ያ ድርጅት ወደሚያወራው ነገር። ዕዳን በትንሽ ገንዘብ መጨረስ የሚባለው እውነት አለ፤ ኦፈር ኢን ኮምፕሮማይዝ ይባላል። ማመልከቻው 205 ዶላር ነው፤ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ግን በነፃ ነው፣ ካቀረቡት ገንዘብ ላይ ቅድሚያ የሚከፈለው 20 በመቶም ይቀርላቸዋል። ነገር ግን አይአርኤስ «አዝኛለሁ» ብሎ አይቀንስም። ያለዎትን ንብረት ዋጋና ከወር ወጪ የሚተርፍዎትን የ12 ወይም የ24 ወር ገንዘብ ደምሮ «ይህን ማግኘት እችላለሁ» ይላል። ከዚያ በታች ብዙ ጊዜ አይቀበልም።

እዚህ ላይ ኮንዶሚኒየሟ ትመጣለች። አዲስ አበባ ስለሆነች አትቀርም። ፎርሙ ላይ መጻፍ አለባት። ቀሪ የባንክ ዕዳ ካለባት ይቀነሳል፤ ዋጋዋም አብዛኛውን ጊዜ በገበያው 80 በመቶ ይያዛል። ከ2024 ሐምሌ የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ የብሩ ዋጋ በዶላር ሲመነዘር ብዙ ቀንሷል፤ ስለዚህ የዛሬውን ግምት ነው የሚያስፈልገው። እንዲያም ሆኖ ዋጋዋ ከተስተካከለው ዕዳዎ ከበለጠ ኦፈሩ አያልፍም። የደወለልዎት ሰው ይህን ጠይቆዎታል? ካልጠየቀ በሽተኛውን ሳያይ መድኃኒት እንደሚያዝ ሐኪም ነው። «በወንድሜ ስም ላዙራት» የሚል ሐሳብ ከመጣብዎት ደግሞ ከወዲሁ ይርሱት። ያለ ዋጋ የተላለፈ ንብረት ቢሸጥ ሊያወጣ ይችል የነበረውን ይቆጥሩብዎታል፤ ከዚያም በላይ እምነታቸውን ያጣሉ። ተከራይታ ከሆነ የኪራዩ ገቢ እዚህም ይገለጻል። አገር ቤት ባንክ ውስጥ ያለዎት ገንዘብ በዓመቱ ውስጥ በማንኛውም ቀን ከ10 ሺህ ዶላር አልፎ ከሆነም ለብቻው የሚሞላ ሪፖርት አለ። ይህን ለባለሙያው በመጀመሪያው ቀን ይንገሩት።

የወር ወጪም ቢሆን እኛ እንደምንቆጥረው አይደለም። አይአርኤስ ለምግብ፣ ለቤት፣ ለመኪና የራሱ ልክ አለው። አገር ቤት ለቤተሰብ የሚልኩት፣ የእቁብ፣ የዕድር፣ ለቤተ ክርስቲያን የሚሰጡት አብዛኛውን ጊዜ ከወጪ አይገቡም። ለእኛ ግዴታ የሆነው ለእነሱ ትርፍ ገንዘብ ነው። በዚህ ምክንያት «በወር አንድ ሳንቲም አይተርፈኝም» የሚል ሰው ፎርሙ ላይ 600 ዶላር ተርፎት ይገኛል። በእውነት የማይተርፍ ከሆነ ግን ጉዳዩ ለጊዜው እንዲቆም ይጠየቃል። ከእርስዎ መሰብሰብ ያቆማሉ፤ ወለዱና ቅጣቱ ይቀጥላል፣ ሪፈንድ (ተመላሽ ታክስ) ካለዎትም ይወስዱታል፣ 10 ዓመቱ ግን መቁጠሩን አያቆምም።

ታክስፔየር አድቮኬት የሚባል ቢሮም አለ። አይአርኤስ ውስጥ ያለ ነው፤ ግን ሥራው ለከፋዩ መቆም ነው። የቤት ኪራይ የሚከፍሉበት ሒሳብ ታግዶ ከሆነ ወይም አይአርኤስ ለወራት መልስ ካልሰጠ በፎርም 911 ይጠየቃል። በነፃ ነው።

ሜሪላንድን አይርሱ። ከፌዴራሉ ጋር መስማማት የስቴቱን ዕዳ አይነካውም። እነሱ ደግሞ የመንጃ ፈቃድና የመኪና ምዝገባ እድሳት ማገድ ይችላሉ፤ እርስዎ የሚበሉት በመንጃ ፈቃድዎ ነው። የፌዴራሉ ፋይል ሲሠራ የስቴቱም አብሮ ይሠራ፣ ከስቴቱ ታክስ ሰብሳቢ ከኮምፕትሮለሩ ቢሮም ጋር የመክፈያ ስምምነት ይጠየቅ።

ዜግነቱን ትንሽ ያቆዩት። ማመልከቻው ፋይል ሳያደርጉ የቀሩበት ዓመት እንዳለና ያልተከፈለ ታክስ እንዳለብዎት ይጠይቃል። ዕዳ ስላለብዎት ብቻ አይከለክሉዎትም። ፋይሎቹ ገብተው፣ የመክፈያ ስምምነት ተፈርሞ፣ ለተወሰነ ጊዜ በሰዓቱ ሲከፍሉ የቆዩበት ማስረጃ ሲያያዝ ጉዳዩ ሌላ መልክ ይይዛል። ከማስገባትዎ በፊት ለኢሚግሬሽን ጠበቃ ያሳዩት።

የዘንድሮውንም ታክስ ከአሁን ጀምረው ይክፈሉ፤ ኤፕሪል 15፣ ጁን 15፣ ሴፕቴምበር 15 እና ጃንዋሪ 15 ነው ቀኖቹ። አዲስ ዕዳ ከተጨመረ ያገኙት ስምምነት ይፈርሳል።

የቀረው 500 ዶላር የከፈሉለት ድርጅት ነው። «ፍሬሽ ስታርት ፕሮግራም ሊዘጋ ነው» ብለውዎት ከሆነ፣ ፍሬሽ ስታርት አይአርኤስ በ2011 የጀመረው የአሠራር ለውጥ ነው እንጂ ሰው የሚመዘገብበት ፕሮግራም አይደለም። አይአርኤስ ራሱ ኦፈር እናስጨርሳለን እያሉ ገንዘብ የሚሰበስቡትን በየዓመቱ ከሚያስጠነቅቅባቸው ማጭበርበሮች መካከል ይጠቅሳቸዋል። የፈረሙት ፎርም የትኛው እንደሆነ ይዩ። 8821 ከሆነ መረጃዎን ማየት ብቻ ነው የሚችሉት። 2848 ከሆነ ውክልና ሰጥተዋል፤ የተጻፈው ሰው ስምና ፈቃድ እዚያው ላይ ስላለ ማውጫው ላይ ያጣሩት። ካላመኑበት የውክልናው ቅጂ ላይ «ሪቮክ» (REVOKE፣ ተሽሯል) ብለው ጽፈው፣ ቀንና ፊርማ አድርገው ለአይአርኤስ ይልካሉ። ክሊኒኩ አዲስ 2848 ሲያስፈርምዎትም በዚያው ጉዳይ የነበረው የቀድሞው ይሻራል። ለድርጅቱ ውሉን ማቋረጥዎን በኢሜይል ይጻፉና ገንዘቡን ይጠይቁ። በካርድ ከፍለው ከሆነ ለባንክዎ አቤት ይበሉ። እምቢ ካሉ ለፌዴራል ትሬድ ኮሚሽንና ለሜሪላንድ ዋና ዐቃቤ ሕግ የሸማቾች ክፍል ይከሰሳሉ። የባንክ ሒሳብ ቁጥርዎን ሰጥተዋቸው ከሆነ ግን ከሁሉ በፊት ዛሬውኑ ባንክ ደውለው ያስቁሙ፤ ቀሪው 4 ሺህ በሚቀጥለው ወር እንዳይወሰድ።